ከ34 ሁለት

ጃክሰን ሆሊዴይ ኤፕሪል 10 ቀን 2024 በቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ ለቤዝቦል ክለቡ ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ገና 20 ዓመቱ ነበር (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ማት ሆሊዴይ ሰባት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ ስመ ጥር መቺ ነው። ልጁ ደግሞ በ2022ቱ ድራፍት ከሁሉ ቀድሞ ስሙ የተጠራ፣ ለፊርማው ብቻ 8.19 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለው፣ የወጣቶችን ደረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች «አንደኛ» ያሉት ነው። ባልቲሞር ሲጠብቀው ከርሟል። መጣና በ10 ጨዋታ ከተቆጠሩለት 34 ሙከራዎች ሁለቱ ብቻ ተሳኩለት። 18 ጊዜ ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት አንገቱን ደፍቶ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ወሩ ሳያልቅ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ኖርፎክ ሰደደው።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የደጋፊው ልብ ከሰማይ ወርዶ አፈር ላይ ተፈጠፈጠ። መጀመሪያ ልጁ አዳኝ ነበር። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ «ይለምደዋል፣ ታገሡት» መጣ። ሳምንት ሲሞላው «ማን አቻኮላቸው?» የሚሉ በዙ፤ «ያባቱ ስም ነው እዚህ ያደረሰው» የሚለው ሐሜትም ተከተለ። ጁላይ 31 ሆሊዴይ ተመልሶ ተሰለፈና በዚያው ዕለት ሦስቱም ቤዞች በጓደኞቹ ተይዘው ሳለ የሕይወቱን የመጀመሪያ የሜጀር ሊግ ሆም ረን መታ፤ በአንድ ምት አራት ነጥብ። ኤፕሪል ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው ያን ቀን ማታ ተፈልጎም አይገኝም። ዓመቱ ሲዘጋ ልጁ በ60 ጨዋታ ከመቶ ሙከራ የተሳካለት 19 እንኳ አልሞላም። እንግዲህ የኤፕሪሉ ለቅሶም የጁላዩ እልልታም ስለ ሆሊዴይ የነገሩን ጥቂት ነው፤ ስለ ደጋፊው ግን ብዙ።

የስፖርት ወሬ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን የቆየ ነው። ገና ያልታየን ነገር ማመን መቼ በጎነት፣ መቼስ ሞኝነት ይሆናል? የሃይማኖት ሊቃውንትና ፈላስፎች ለዘመናት ተከራክረውበታል። የቤዝቦል ደጋፊ ደግሞ መጽሐፋቸውን ሳይገልጥ በዓመት 162 ጨዋታ ይፈተንበታል።

ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ የነገሩ አሠራር ይህን ይመስላል። ከ1965 ጀምሮ የአሜሪካ ክለቦች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ድራፍት በተባለ ሥርዓት ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ቅድሚያው በአብዛኛው ለተሸናፊዎቹ ነው። ዛሬ ድራፍቱ 20 ዙር ስላለው 30ዎቹ ክለቦች በየዓመቱ 600 ያህል ልጆች ይወስዳሉ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዝዌላ ገና በ16 ዓመታቸው የሚፈርሙት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ሁሉም ማይነር ሊግ የሚባለውን መሰላል ከታች ጀምረው ይወጣሉ። ከላይ፣ በሜጀር ሊግ ያለው ቦታ ግን ለአንድ ክለብ 26፣ በድምሩ 780 ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤት አለው። አንዱ ሲወጣ ሌላው መውረድ አለበት።

ኦሪዮልስ በ2018 በ115 ጨዋታ ተሸነፈ፣ በ2019 በ108፣ በ2021 በ110። በ2018 መገባደጃ ክለቡን የተረከበው ማይክ ኤሊያስ የመጣው ከሂዩስተን አስትሮስ ሲሆን፣ መንገዱም የታወቀ ነበር፦ አሁን ተሸነፍ፣ ከፊት ምረጥ፣ ልጆቹን አሳድግ፣ ኋላ አሸንፍ። ለደጋፊው የቀረበለት ውል ከስፖርት ይልቅ ስብከት ይመስል ነበር። የዛሬው መከራ ለሚመጣው ክብር ነው ተባለ፤ ቲኬቱ ግን የሚገዛው ዛሬ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ያፌዘ ቢኖር አይፈረድበትም። በ2023 ላሟ ወረደች፤ ክለቡ 101 ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ በጥሎ ማለፉ በቴክሳስ ሦስት ለባዶ ተጠርጎ ወጣ።

እንዲህ ባለው ደጋፊ ላይ የሚፈርድ ፈላስፋ ከተፈለገ ቀዳሚው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ክሊፈርድ ነው። በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ የአንድ መርከብ ባለቤት ታሪክ ይናገራል። መርከቧ አርጅታለች፤ ሰውየው ግን ስንት ማዕበል ያለፈች ናት፣ የእግዚአብሔርም ጥበቃ አለ እያለ ጥርጣሬውን አስተኝቶ ስደተኞችን ጭኖ ይሰዳታል። መርከቧ ሰጠመች፤ እሱም የመድን ገንዘቡን ተቀበለ። ክሊፈርድ ሰውየውን የሚከስሰው መርከቧ ስለሰጠመች አይደለም። በሰላም ብትደርስም ኖሮ ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ያለ በቂ ማስረጃ የማመን መብት አልነበረውምና። ክሊፈርድ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመርከብ አደጋ የተረፈ ሰው ስለነበር፣ ምሳሌውን ከወንበሩ ሳይነሳ የፈጠረው ነው ማለት አይቻልም።

በ1896 የመለሰለት አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ነው። የሃርቫርድ መምህር ነበር፤ ፌንዌይ ፓርክ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ስላረፈ እዚያ ተቀምጦ የመጮኽ ዕድል አልገጠመውም። ክርክሩን ባጭሩ ሲያስቀምጡት፣ አስቀድሞ እምነት ካልኖረ ከቶ የማይፈጸሙ እውነቶች አሉ ማለት ነው። ምሳሌው ወዳጅነት ነው። ሌላው ሰው እንደሚወደው ማስረጃ እስኪያገኝ ፊቱን ቋጥሮ የሚጠብቅ ሰው ማስረጃውን አያገኝም፤ አስቀድሞ ያመነው ግን መወደዱን ራሱ ያመጣዋል። ለመርከብ ይህ አይሠራም። እንጨት የባለቤቱን እምነት አይሰማም። የ20 ዓመት ልጅ ግን ይሰማል።

ለዚህ ከ1951 የተሻለ ዓመት የለም። በዚያ ሜይ የኒው ዮርክ ጃያንትስ ክለብ ዊሊ ሜይስ የሚባል የ20 ዓመት ጥቁር ወጣት ከሚኒያፖሊስ አስመጣ። እዚያ በታችኛው ሊግ በ35 ጨዋታ ከመቶ ሙከራ ወደ 48 የሚጠጋ ይሳካለት ነበር፤ ጤነኛ ቁጥር አይመስልም። ኒው ዮርክ ሲደርስ መጀመሪያ 12 ጊዜ ሞክሮ አንዱም አልተሳካለትም። ከዚያ ከታላቁ ወርዋሪ ከዋረን ስፓን ላይ ሆም ረን መታ፤ ቀጥሎም እንደገና 13 ጊዜ ባዶ። ከ26 አንድ ማለት ነው። ሜይስ አለቀሰ፤ ወደ ታች መልሱኝ ብሎም ለመነ። አሠልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር አፈ ስለታምና ለሰው የማይራራ በመባል የሚታወቅ ሰው ነበር። ልጁ አጠገብ ተቀምጦ፣ እኔ በዚህ ክለብ እስካለሁ የመሐል ሜዳው ተከላካዬ አንተ ነህ አለው። ሜይስ የዚያን ዓመት ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፤ ኋላም 660 ሆም ረን መትቶ ጡረታ ወጣ። ያረፈው በ93 ዓመቱ ጁን 2024 ላይ ነው፤ ሆሊዴይ ኖርፎክ ላይ ዱላውን ሲያስተካክል በነበረበት ወራት።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ልጅ ነበር። የያንኪስ ክለቡ ሚኪ ማንትል 19 ዓመቱ ነው፤ ጁላይ ላይ መምታት አቅቶት ወደ ካንሳስ ሲቲ ወረደ፤ እዚያም አልሆነለትም። ለአባቱ ደውሎ በቃኝ አለ። ማንትል ኋላ እንደተረከው አባቱ መት ከኦክላሆማ የማዕድን አገር መኪናውን አስነስቶ መጣ፤ የሆቴሉን ክፍል ከፍቶ ገባና አንዲት የማጽናኛ ቃል ሳይተነፍስ የልጁን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ይከት ጀመር። ወንድ ያሳደግሁ መስሎኝ ነበር፣ ና ማዕድን ቆፋሪ ትሆናለህ ነበር ነገሩ። ልጁ አለቀሰ፣ ሻንጣው ተፈታ፣ ከሳምንታት በኋላም ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። እሱም 536 ሆም ረን መትቷል። ኦክቶበር 5 ቀን 1951 ሁለቱ ልጆች በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ተገናኙ። ሜይስ የመታትን ኳስ ለመያዝ ሲሮጥ ማንትል እግሩ ከሜዳው የውኃ መውረጃ ጋር ተያይዞ ጉልበቱ ተበጠሰ። ወደ ሆስፒታል ሲገቡ በአባቱ ትከሻ ተደገፈ፤ አባትየው ግን ከሥሩ ወደቀ። ማንም ያላወቀው ካንሰር ነበረበትና ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ዱሮቸር አባበለ፣ መት ማንትል አመረረ፤ ሁለቱም አመኑ። ጄምስን ለመደገፍ ከዚህ የበለጠ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ችግሩም ያ ነው፤ ታሪኩ እጅግ ያምራል።

ሮማዊው ኪኬሮ ስለ አማልክት በጻፈው መጽሐፍ ዲያጎራስ የሚባል ከሐዲ ግሪክ ይጠቅሳል። ወዳጁ ሳሞትራቄ ደሴት ላይ ከመቅደስ አስገብቶ፣ ከማዕበል የዳኑ ሰዎች ለስእለታቸው የሰቀሏቸውን ሥዕሎች እያሳየ አማልክት ለሰው እንደሚያስቡ ሊያሳምነው ሞከረ። ዲያጎራስ ግን ተስለው የሰጠሙት ሥዕላቸው የት እንዳለ ጠየቀ። የቤዝቦል መቅደስ፣ የታላላቆቹ መታሰቢያ አዳራሽ፣ ኩፐርስታውን ውስጥ ነው፤ ሥዕሎቹም የነሐስ ናቸው። በ2016 ጁላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን እዚያ ገቡ። ኬን ግሪፊ ጁኒየር በ1987 ድራፍት ከሁሉ አንደኛ የተመረጠ ነው። ማይክ ፒያሳ በ1988 በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ የተመረጠ ሲሆን፣ እሱም አባቱ የዶጀርስ አሠልጣኝ የቶሚ ላሶርዳ ወዳጅ ስለነበር ለይሉኝታ ያህል ነው። ይህን የሰማ ደጋፊ ሁሉ በየታችኛው ሊግ የራሱን ፒያሳ ይፈልጋል። ከፒያሳ በፊት የተጠሩት 1,389 ልጆች አብዛኞቹ ምን እንደሆኑ የሚጠይቅ ግን ዲያጎራስ ብቻ ነው።

ከሰጠሙት ውስጥ ስማቸው የሚታወቅም አለ። በ1966 ሜትስ አንደኛ አድርጎ የመረጠው ስቲቭ ቺልኮት ሜጀር ሊግን ሳያይ ቀረ፤ ሁለተኛ የተመረጠው ሬጂ ጃክሰን ነበር። በ1991 ያንኪስ 1.55 ሚሊዮን ዶላር የከፈለበት ግራኙ ወርዋሪ ብራየን ቴይለር በ1993 ዲሴምበር በጠብ መሐል ትከሻው ተጎድቶ እሱም ሳይደርስ ቀረ። በ2013 ሂዩስተን ማርክ አፔልን አስቀድሞ ሲወስድ ቺካጎ ካብስ ክሪስ ብራያንትን አገኘ። ብራያንት በ2016 የሊጉ ኮከብ ሆኖ የ108 ዓመት ጥማት ለቆረጠው ቡድን ዋንጫ አነሣ። አፔል በ2018 ጨዋታውን ተወ። ይህ ሰው ኋላ ይመለሳል።

እንግዲህ ክሊፈርድ ልክ ነው? በግማሽ። የሱ ሕግ ከሞኝነት ያድናል፤ ሜይስን ግን ከ26 አንድ ላይ ያሰናብተዋል። የጄምስ ሕግ ሜይስን ያድናል፤ ብራየን ቴይለርን ግን ምንም ሊያደርግለት አይችልም፤ ትከሻ እንደ መርከብ እንጨት እምነት አይሰማም። ሁለቱም ያልነኩት ሦስተኛ ነገር አለ፦ ተስፋ ራሱ የሚታመምባቸው መንገዶች። እዚህ ላይ የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ መነኩሴ ቶማስ አኩዊናስ ከሁለቱም ይልቅ የደጋፊውን ሆድ ያውቃል። እሱ የሚናገረው በእግዚአብሔር ስለሚደረግ ተስፋ ነውና ወደ ስታዲየም ማውረዱ ድፍረት መሆኑ ይታወቅ። አኩዊናስ እንደሚለው ተስፋ የሚደረገው ነገር ገና የሚመጣ፣ አስቸጋሪ፣ ግን የሚቻል መሆን አለበት። በተስፋ ላይ የሚሠሩ ኃጢአቶች ደግሞ ሁለት ናቸው። አንዱ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ የሚቻለውን አይቻልም ማለት። ሌላው ከልክ ያለፈ መተማመን ነው፤ አስቸጋሪውን እንደ እጅ መንሻ ቀድሞ እንደተቀበሉ መቁጠር። ሰው ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ይመስለዋል። ደጋፊው ግን ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ይፈጽማል፤ ሁለቱም የሚፈልቁት ጊዜን ካለመታገሥ ነውና።

ሒሳቡም ይህን ትዕግሥት ያስገድዳል። ከመቶ ሙከራ 30 የሚሳካለት መቺ ታላቅ ነው፤ 25 የሚሳካለት መካከለኛ። ልዩነታቸው በ20 ሙከራ አንዲት ምት ናት። በአንድ ጨዋታ አራት ሙከራ ቢቆጠር፣ አምስት ጨዋታ ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ የምትታይ ልዩነት። ይህችን በዓይኔ ለየሁ የሚል ደጋፊ ያየው ምኞቱን ነው።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። በ2002 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዳንኤል ካነማን የእስራኤል አየር ኃይል አሠልጣኞችን ሲያስተምር የገጠመውን ጽፏል። አንድ አሠልጣኝ ተነሥቶ፣ በደንብ የበረረውን ሳመሰግነው በሚቀጥለው ይበላሻል፣ የተበላሸበትን ስጮኽበት ይሻሻላል፣ ስለዚህ ቁጣ ይሠራል አለው። ካነማን ያስረዳው ነገር ቀላል ነበር። እጅግ ጥሩም እጅግ መጥፎም ቀን በከፊል የአጋጣሚ ነው፤ ቀጣዩ ቀን ብዙ ጊዜ ወደ መካከል ይመለሳል፤ ቢመሰገንም ቢሰደብም። ስታዲየም ውስጥ የሚያፏጭ ደጋፊ የዚያ አሠልጣኝ ወንድም ነው። ልጁ እጅግ በወደቀበት ዕለት ያፏጭበታል፤ ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ቀና ይላል፤ ፉጨቱም እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ዓለም ራሷ ለጭካኔ ምስክር የምትሆንበት ሁኔታ ነው፤ ከስንት ዘመን ጀምሮ ልጅ በአርጩሜ የሚታረም የመሰለን በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ምክንያት ፍለጋውም እንደዚሁ ነው። ኢዮብ በወደቀ ጊዜ ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። ጥፋታቸው የጀመረው ማብራራት ሲጀምሩ ነው፤ መከራ ካገኘህ የሠራኸው ነገር ይኖራል አሉት። ስታዲየም ውስጥ ሰባት ቀን ዝም የሚል የለም። ልጁ ሲያቅተው ሰነፈ፣ ጠገበ፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው ይባላል።

ሪክ አንኪል ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ የማይመች ሰው ነበር። በ2000 ኦክቶበር 3 የ21 ዓመቱ የሴንት ሉዊስ ወርዋሪ በትልቁ ጨዋታ ጥሩ ጀምሮ በሦስተኛው ኢኒንግ ኳሱ ከቁጥጥሩ ውጪ ሆነ። አምስት ውርወራዎች ከተቀባዩ አምልጠው ከኋላ ተመቱ። ክንዱ አልተጎዳም፣ አልታመመም፣ አልሰነፈም። ዝም ብሎ፣ በልጅነቱ ሳያስብ ያደርገው የነበረው ነገር ከእጁ ጠፋ፤ ሙሉ በሙሉም አልተመለሰለትም። ኦገስት 9 ቀን 2007 በመቺነትና በውጭ ሜዳ ተከላካይነት ተመልሶ ሲመጣ ግን በመጀመሪያው ምሽት ሆም ረን መታ። በ2000 ሰንፎ ነው ያሉ ሰዎች በ2007 ተግቶ ነው አሉ። ማብራሪያው ተገለበጠ እንጂ የኢዮብ ወዳጆች ከቦታቸው አልተነሡም።

ይህ ሁሉ ክርክር ማስረጃ ገና በሌለበት ስለማመን ነው። ማስረጃው ሞልቶ ሳለ ያልታመኑም አሉ። ጆሽ ጊብሰን በጥቁሮች ሊግ ውስጥ የዘመኑ ኃይለኛ መቺ ነበር፤ የተጫወተበትም ሁሉ ያውቅ ነበር። የሜጀር ሊግ በር ለቆዳው ቀለም ዝግ እንደሆነ ጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን በሩን የከፈተው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በ2024 ሜይ ሜጀር ሊግ የጥቁሮችን ሊግ መዛግብት ከራሱ ጋር ሲያዋህድ የጊብሰን የዕድሜ ልክ አማካይ .372፣ ማለትም ከመቶ ከ37 በላይ ሆኖ እስከዚያ አንደኛ ከነበረው ከታይ ኮብ በልጦ አንደኛ ተቀመጠ። ክሊፈርድ ማስረጃ ይቅደም ሲል፣ ማስረጃውን ማን እንዲያሳይ ይፈቀድለታል የሚለውን አልጠየቀም። ዱሮቸር ለሜይስ የሰጠው ዕድል ከዚህ አንጻር ሲታይ ቸርነት ብቻ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያባብለው ልጅ አይኖርም ነበር።

የተስፋ ዋጋ ማን ላይ እንደሚወድቅም መታየት አለበት። ደጋፊው ተስፋ ሲያደርግ ከጥቂት የቲኬትና የቢራ ገንዘብ በቀር የሚያጣው የለም። ሆሊዴይ 8 ሚሊዮን ይዞ ጀመረ፤ ከሱ ጋር በአንድ አውቶቡስ የሚጓዙት ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። የማይነር ሊግ ተጫዋቾች በ2022 ማኅበር እስኪገቡ ድረስ በመሰላሉ ጫፍ ላይ ያለ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ደመወዙ 17,500 ዶላር፣ ከታች ያለው ጀማሪ ደግሞ 4,800 ዶላር ነበር። በ2023ቱ ስምምነት ወደ 35,800 እና 19,800 አደገ። ለብዙ ዓመታት የባልቲሞር ደጋፊ በሰማይ ያለችው ላሙ እንድትወልድ ሲጠብቅ፣ ላሟን የሚያግደው ልጅ ጨዋታ የሌለበትን ወራት በሌላ ሥራ ያሳልፍ ነበር።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ጋብርኤል ማርሴል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ስለ ተስፋ ሲጽፍ ለዚህ የሚጠቅም ልዩነት አድርጓል። እንዲህና እንዲያ ይሆናል ብሎ ውጤቱን ወስኖ የሚጠብቅ አለ፤ ሰውን ራሱን ተስፋ አድርጎ ከሱ ጋር የሚቆይም አለ። የመጀመሪያው ውጤቱ ሲቀር እንደ ተካደ አበዳሪ ይቆጣል። ሁለተኛው ያዝናል፤ ግን ማንም ዕዳ አልቀረበትም። ደጋፊ ሁለተኛው ዓይነት ሊሆን ይችላል? እንግዳ ሰው ነው፤ ልጁን አያውቀውም፤ ከልጁ የሚፈልገው ደስታን ነው። ሆኖም ከ34 ሁለት ላይ ያለውን ልጅ ቆሞ የሚያጨበጭብለት ደጋፊ በየስታዲየሙ አለ። እሱ ከሚያፏጨው ይልቅ ተላላ ነው ሊባል አይችልም፤ ቁጥሩን እኩል ያውቃል። ስሕተቱ ያለው ያልታየን በማመን ላይ አይደለም። ወጣቱን የራስ ትንቢት ማረጋገጫ ማድረግ ላይ ነው፤ ልጁ ሲሳካለት አዋቂነቴ ተመሰከረ፣ ሲወድቅ ተሰደብሁ ማለት ላይ።

ትንቢት ተፈጽሞም ሰውን እንደማያድን ሂዩስተን አሳይቷል። አስትሮስ በ2011፣ 2012 እና 2013 በተከታታይ 106፣ 107፣ 111 ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። ስፖርትስ ኢላስትሬትድ መጽሔት በ2014 ጁን የፊት ገጹ ላይ ጆርጅ ስፕሪንገርን አትሞ ይህ ክለብ የ2017 ሻምፒዮን ነው አለ፤ ብዙዎች ሳቁ። በ2017 አስትሮስ ዋንጫውን አነሣ፤ የፍጻሜው ኮከብም ራሱ ስፕሪንገር ሆነ። ትንቢት በዚህ ልክ በዓመትና በስም ሲፈጸም ብዙ አይታይም። በጃንዋሪ 2020 ግን ሊጉ ምርመራውን ጨርሶ፣ ክለቡ በዋንጫው ዓመት የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ እየሰረቀ የቆሻሻ በርሜል በመደብደብ ለመቺው ያሳውቅ እንደነበር አረጋገጠ። 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁና አሠልጣኙ ታግደው ተባረሩ። ያን ሁሉ ሽንፈት ታግሦ የጠበቀ ደጋፊ የጠበቀውን አገኘ፤ ያገኘው ግን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

የማርክ አፔል ነገር ከዚህ ይቀልላል። በ2021 ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰና በጁን 2022 መጨረሻ በ30 ዓመቱ ለፊላደልፊያ በሜጀር ሊግ ወረወረ። ስድስት ጨዋታ፣ ከ10 ኢኒንግ ጥቂት በላይ፤ ከዚያ በቃ። እንደ ድራፍት አንደኛ ሲመዘን ይህ ከንቱ ነው። ጨዋታውን እንደ ተወ ሰው ሲመዘን ግን ጥሩ ሠርቷል፤ ለዘጠኝ ኢኒንግ ሲሰላ የተቆጠረበት ነጥብ ሁለት እንኳ አይሞላም። በ2013 ተስፋ ያደረጉበት የሂዩስተን ደጋፊዎች ያን ጊዜ አልነበሩም፤ የነበሩት የፊላደልፊያ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ምንም አልጠበቁበትም።

ባልቲሞር በ2025 ዳግመኛ ወደቀ። ሜይ ላይ አሠልጣኙ ብራንደን ሃይድ ተሰናበተ፤ ክለቡም ዓመቱን በ75 ድልና በ87 ሽንፈት ጨረሰ። በጁላይ መጨረሻ ከተሸጡት አንዱ ሴድሪክ መሊንስ ነበር። መሊንስ ክለቡን የተቀላቀለው በ115ቱ ሽንፈት ዓመት፣ በ2018 ነው። በ2019 ከ64 ሙከራ ስድስት ብቻ ተሳክቶለት ሁለት ደረጃ ወደ ታች ተወርውሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ስሙን ያነሣለት ደጋፊ ጥቂት ነው። በ2021፣ ክለቡ 110 በተሸነፈበት ዓመት፣ 30 ሆም ረን መትቶ 30 ቤዝ በመስረቅ በኦሪዮልስ ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ። በ2025 ወደ ኒው ዮርክ ሜትስ ሲሄድ በምትኩ የመጡት ሦስት የማይነር ሊግ ወርዋሪዎች ናቸው። በዚያን ዕለት ማታ የባልቲሞር ደጋፊ መጀመሪያ የጠየቀው የሦስቱን ዕድሜና ኳሳቸው በሰዓት ስንት ማይል እንደሚሄድ ነበር።